ጭራ ያለው የኖራ ምልክት

ኡርሱላ ትሩሂዮ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጠርሙስ ስታዞር ኖራለች። ይህን ሰምቶ የሚስቅ አይጠፋም፤ ጠርሙስ ማዞርም ሥራ ሆኖ! የሚስቀው ሰው ግን አንድ ቀን ከጠዋት እስከ ምሳ ምድር ቤቱ ውስጥ አጠገቧ ቆሞ ይሞክረው። ወይን ጠጁ እርሾ ተጨምሮበት እዚያው ጠርሙሱ ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ይፈላል። ቆርኪ እንደተደረገበት ሁለት ዓመት ይተኛል። ከዚያ አንገቱ ቀዳዳ ባለው የእንጨት መደርደሪያ ውስጥ ይሰካና የኡርሱላ ተራ ይደርሳል። በየቀኑ እያንዳንዱን ጠርሙስ ነቅነቅ፣ ትንሽ ዞር፣ ትንሽ ዘንበል ታደርገዋለች። በወሩ ጠርሙሱ በአፉ ተደፍቶ ይቆማል፤ አተላው ሁሉ አንገቱ ላይ ይከማቻል። አንገቱን አቀዝቅዘው ቆርኪውን ሲያነሱት አተላው ተስፈንጥሮ ይወጣና ጥርት ያለው ይቀራል።

የዞረውን ካልዞረው የምትለየው በኖራ ነው። በጠርሙሱ ሥር፣ ወደ ውስጥ በገባው ጎድጓዳ ላይ፣ በቀጭን ብሩሽ አንዲት ቀጥ ያለች መስመር ታሰምርበታለች። ኖራውን በሙጫ ስለምትለውሰው ሁለት ዓመት ቆይቶም በጥፍር ካልፋቁት አይለቅም። ጠርሙስ የሚያዞር ማሽን እንዳለ ኡርሱላ ታውቃለች። በዚያው በሪዮ ግራንዴ ወንዝ ዳር ያሉ ሌሎች ጠማቂዎች ከገዙት ቆይተዋል። እሷና ሸሪኳ ሆሊስ ብራንድቮልድ ሲጀምሩ መግዣ አልነበራቸውም፤ ሲያገኙ ደግሞ እሷ እንቢ አለች። ፈረንሳዮቹ በዚሁ አሠራር ሠርተው በመቶ ዶላር የሚሸጡትን እነሱ በአሥራ ስምንት ዶላር ይሸጡታል። የቧንቧ ሠራተኛውም፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂዋም ለልጃቸው ሠርግ ይገዙታል። በጠርሙሱ ጀርባ ላይ ባለው ወረቀት ደግሞ «እያንዳንዱ ጠርሙስ በኡርሱላ ትሩሂዮ እጅ የዞረ» ተብሎ ተጽፏል። ኡርሱላ በዓለም ላይ ያላት ሀብት ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ወረቀቱን የምትለጥፈው ታናሽ እህቷ ኤልቪራ ናት። እናታቸው ስትሞት ኤልቪራ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ያሳደገቻት ኡርሱላ ናት። በአሥራ ሁለት ዓመቷ ምድር ቤት ይዛት እየወረደች ኖራ መቀባት አስተማረቻት። ኤልቪራ ግን ብሩሹን ስታነሳ ወደ ጎን ትስበው ስለነበር መስመሯ መጨረሻ ላይ እንደ አይጥ ጭራ ቀጠን ብሎ ይታጠፋል። «ቀጥ አድርገሽ አንሺው፣ ምን ያንቀለቅልሻል!» እያለች ስንት ጊዜ ተቆጥታታለች። መጨረሻ ላይ ሰልችቷት ብሩሹን ነጠቀቻትና ወደ ወረቀት መለጠፉ ላከቻት።

ከሦስት ዓመት በፊት የፀደይ ውርጭ ወይኑን መታውና ለዘንድሮ የሚደርሰው ጠርሙስ በግማሽ ቀነሰ። ሱቆቹ ግን እንደ ሁልጊዜው ነበር ያዘዙት። ኡርሱላ ሆሊስን «ጎድሎብናል በላቸው፣ አለቀ» አለችው። እሱም በሳምንቱ መጥቶ «ነግሬያቸዋለሁ፣ ገብቷቸዋል» አላት። እሷም ጉዳዩን በዚያው ረሳችው፤ የሃያ ስድስት ዓመት ሸሪኳ ነውና ለምን ትጠራጠረዋለች?

በሰኔ ጎረቤቷ ዶን ኤፒፋኒዮ የልጅ ልጁን ማሪሶልን ዳረ። ዶን ኤፒፋኒዮ የመንደሩን የመስኖ ቦይ የሚያስተዳድር የሰማንያ አንድ ዓመት ሽማግሌ ነው። ኡርሱላን የሠርጉ ክርስትና እናት አድርጓታል፤ በአገሩ ወግ ጽዋ አንስታ ሙሽሮቹን የምትመርቀው እሷ ናት። ግቢው ውስጥ በጥላው ሥር የአሳማ ጥብሱና በአረንጓዴ ቃሪያ የተሠራው ወጥ ሲቀርብ ኡርሱላ ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን ጠርሙሶች አይታ ወገቧን ያዘች።

«ዶን ኤፒፋኒዮ! መጠጡን እኔ አመጣለሁ አልኩዎት እኮ!»

«ዝም በይ! የልጅ ልጄን በልመና አልድርም። እንደ ሰው ከሱቅ ገዝቼዋለሁ።»

«የራሴን ወይን? ከሱቅ?»

«ስምሽ አለበት አይደል? እኔ ስምሽን ነው የገዛሁት።»

ኡርሱላ ልቧ በደስታ ሞላ። የምርቃቱ ሰዓት ሲደርስ አንዱን ጠርሙስ ወደ ላይ አነሳችው።

«ይሄን ጠርሙስ እዩት! በዚህ እጄ ሠላሳ ቀን አዙሬዋለሁ፣ አንድም ቀን አልዘለልኩም። ትዳርም እንደዚሁ ነው። በአንድ ቀን ላዙረው ካሉ ይደፈርሳል። በየቀኑ ትንሽ፣ ትንሽ። አተላው አንገት ላይ ሲደርስ ደግሞ፣ ማሪሶል ልጄ፣ አውጥቶ መጣል ነው!»

«አተላው ባልየው ከሆነስ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ያኔማ አንገቱን ቀዝቀዝ አድርጊው!» አለች ኡርሱላ፤ ግቢው በሳቅ ተናጋ።

የሙሽሮቹን ብርጭቆ የቀዳችው እንደ ሁልጊዜው ነው፤ አውራ ጣቷን በጠርሙሱ ሥር ጎድጓዳ ውስጥ ከታ፣ በአንድ እጇ። አረፋው በርከት ብሎ ወጣና ወዲያው ጠፋ። ጠርሙሱን አስቀምጣ እጇን በቀሚሷ ልትጠርግ ስትል አውራ ጣቷ ነጭ ሆኗል። ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። የእሷ ኖራ አይለቅም።

ጠርሙሱን ቀስ ብላ ገልብጣ አየችው። መስመሩ ግማሹ ተጠርጓል፤ የቀረው ግማሽ ጫፉ ላይ ቀጠን ብሎ ታጥፏል። ጭራ አለው።

ክው አለች። ከብርጭቆዋ አንድ ጉንጭ ቀመሰች። ጣፋጭ ነው፤ ጣፋጭ ብቻ። ሁለት ዓመት እርሾው ላይ የተኛ ወይን የሚያመጣው ያ ከምድጃ የወጣ ዳቦ ሽታ በአጠገቡ አላለፈም። ቀና ስትል ኤልቪራ ከጠረጴዛው ማዶ ታያታለች። ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ኤልቪራ የወጥ ጭልፋውን አንስታ ወደ ልጆቹ ጠረጴዛ ሄደች፤ ከዚያ በኋላ እስከ ሠርጉ መጨረሻ ዞር ብላ አላየቻትም። ኡርሱላም የሰው ሠርግ ነውና ጥርሷን ነክሳ መቅዳቷን ቀጠለች። ስድስት ጠርሙስ ገልብጣ አየች። ስድስቱም ጭራ አላቸው።

በማግስቱ እሑድ ጠዋት ምድር ቤት ስትወርድ ሁለቱ ቀድመዋታል። ኤልቪራ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጣለች። ሆሊስ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆሟል፤ ለቀብር የመጣ ይመስላል።

«ከየት ነው ያመጣችሁት?» አለች ኡርሱላ።

«በትልቅ የብረት ጋን የሚያፈላ ፋብሪካ አለ፣ ሌላ ስቴት ውስጥ» አለ ሆሊስ። «መጥፎ ወይን አይደለም፣ ኡርሱላ። ሱቆቹ ትዕዛዙ ከጎደለ ከመደርደሪያ እናወርዳችኋለን አሉን። አንዴ ከወረድን ማን መልሶ ይሰቅለናል?»

«ገብቷቸዋል ብለኸኝ ነበር።»

«ብነግርሽ እንቢ ትይ ነበር።»

«አዎ፣ እንቢ እል ነበር! ስሜ ነዋ የተጻፈበት! ያንተ ስም ነው እንዴ?»

ኡርሱላ ከእሱ ጋር ጊዜ አላጠፋችም፤ እውነቱን ለመናገር የሆሊስ ነገር ያን ያህል አልቆጠቆጣትም። ሸሪክ ሸሪክ ነው። አንጀቷን ያሳረረቻት ሳጥኑ ላይ የተቀመጠችው ናት።

«ስንቱን ቀባሽው?»

«ስድስት ሺህ» አለች ኤልቪራ፣ መሬት መሬት እያየች።

«በእጅሽ? ሁሉንም?»

«ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። መደርደሪያው ባዶ ሆኖ፣ ትከሻሽን ልትታከሚ አልበከርኪ ከተማ የሰነበትሽ ጊዜ።»

ኡርሱላ ያን ጊዜ አስታወሰችው። ኤልቪራ በየማታው ደውላ «ትከሻሽ እንዴት ዋለ፣ እህት ዓለም? በርትተሽ ታከሚ፣ አትቸኩዪ» ትላት ነበር። ምን ያለች እህት ሰጠኝ ብላ ነርሷን ሳይቀር አስቀንታለች። ይህ ትዝ ሲላት መደርደሪያውን ተደገፈች።

«ሱቅ ውስጥ የጠርሙስ ቂጥ ገልብጦ የሚያይ የለም» አለች በመጨረሻ። «ምልክቱ ለማን ነው? ለእኔ ነው። እኔን ለማታለል ብቻ ዘጠኝ ቀን ቁጭ ብለሽ ቀባሽ።»

ኤልቪራ አለቀሰች። «ጭራውን አውቄ ነው የተውኩት» አለች። «ቀጥ አድርጌ ማንሳት እችላለሁ፣ ድሮ ነው የቻልኩት። የመጀመሪያው ቀን ታይዋለሽ ብዬ ነበር። ሳጥኖቹ አራት ወር ሙሉ በፊትሽ ወጡ። አንድም ጠርሙስ ገልብጠሽ አላየሽም።»

«ለምን አያለሁ? አንቺ አይደለሽ የለጠፍሽው!»

ኤልቪራ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ራስሽ መናገር ከበደሽና እኔው እንዳገኘው ተውሽልኝ» አለች ኡርሱላ። «አንዲት ቃል ነበር የሚበቃሽ። እናት ሆኜሽ ነበር እኮ፣ ኤልቪራ። ሰው በእናቱ ላይ እንዲህ ያደርጋል?»

«መጥመቂያው እንዳይዘጋ ብዬ ነው» አለች ኤልቪራ።

«ነገ ጠዋት ለሱቆቹ እደውላለሁ። የቀረውን ያውርዱት።»

«ከዚያ በኋላ እኮ አለቀልን» አለ ሆሊስ።

«እኔ ትናንት አልቄያለሁ። መቶ ሃምሳ ሰው ፊት፣ እጄን አንስቼ።»

ያን ዕለት መደርደሪያው ላይ የነበሩት ጠርሙሶች ሳይዞሩ ዋሉ። በሃያ ስድስት ዓመት ይህ የመጀመሪያው ነው። ኡርሱላ ከእውነተኛው ስድስት ጠርሙስ በሳጥን አድርጋ፣ በታመመው ትከሻዋ ተሸክማ፣ በቦዩ ዳር ወደ ዶን ኤፒፋኒዮ ቤት ሄደች። ሽማግሌው ብቻውን ወጥ ቤት ተቀምጦ ከሠርጉ የተረፈ ብስኩት ይበላል። አንድም ሳታስቀር ነገረችው።

ዶን ኤፒፋኒዮ ብስኩቱን አኝኮ ጨረሰ።

«ታዲያ አንቺ አላወቅሽም፣ ልጄ» አለ።

«አላወቅሁም። ግን የማልኩት እኔ ነኝ። ይኸው እውነተኛውን አምጥቻለሁ፣ ለማሪሶል ይስጡልኝ።»

«ይቀመጥላታል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።» ሽማግሌው አመነታ፤ ከዚያ ያሰበውን መደበቅ የማይችል ሰው ነውና ተናገረው። «ግን ሰዉ ወዶት ነበር እኮ። ከበፊቱ ሁሉ የትናንቱ ይጣፍጣል ነው ያሉት። ኡርሱላ ዘንድሮ አበጀችው አሉ።»

ኡርሱላ ኩም አለች። ሃያ ስድስት ዓመት፣ ሁለቱ አውራ ጣቶቿ እስኪጣመሙ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ። ሱቁንም ሆሊስንም እህቷንም መክሰስ ይቻላል። ሰዉ የፋብሪካውን ስለማስበለጡ ግን የሚከሰስ ሰው እንኳ የለም።

ትናንት የማለችበት ጠርሙስ መስኮቱ ላይ ከእመቤታችን ሥዕል አጠገብ ቆሟል፤ የሙሽራዋ አበባ ተሰክቶበታል። «እሱን ይስጡኝ» አለችው።

«አይሆንም። ማሪሶልን የመረቅሽበት ነው፤ እስክሞት እዚያ ይቆማል።»

«እንግዲያው አንዴ ልያዘው።»

አበባውን አውጥታ ጠርሙሱን ገለበጠችው። ጭራውን በአውራ ጣቷ አንድ ጊዜ አሸት ስታደርገው ድምጥማጡ ጠፋ። ከዚያ ጀርባውን አዙራ፣ ስሟ የተጻፈበትን ወረቀት ጫፉን በጥፍሯ ይዛ ሳበችው። አልተነሳም። እንደገና ፋቀችው፣ ጥፍሯ ተሰበረ፤ ወረቀቱ ንቅንቅ አላለም። ኤልቪራ ወረቀት ስትለጥፍ ሙጫ አትሰስትም።