ያበጠው አፈሙዝ

ግራዝማች ዓምሃ ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃቸውን በአጥቢያ ዳኛው ጠረጴዛ ላይ አጋደሙና «በሞላችው ጥይት ጠመንጃዬን ያበላሸችው ይህች ናት» አሉ። ጣታቸው ወደ እኔ ነበር። ከጠመንጃው አጠገብ ሚዛኔ፣ የባሩድ መስፈሪያዬና መጠቅጠቂያዬ ተደርድረዋል፤ ጧት የዳኛው ዘበኛ ከቤቴ ወስዷቸው ነበር። ጊዜው መስከረም 1946 ዓ.ም. ነበር።

ባሌ ነገራ ከሞተ ወዲህ ለጉለሌ አዳኞች የወረቀት ቀለህ እየሞላሁ እኖራለሁ። የተተኮሰውን ቀለህ አደርቃለሁ፤ አፉ የላላውን እጥላለሁ። በቀረው ግርጌ ባሩዱን የሚያቀጣጥል አዲስ መለኮሻ እተክላለሁ፣ ባሩድ መዝኜ አፈሳለሁ፣ ከአሮጌ ባርኔጣ የቆረጥኩትን ውታፍ እጠቀጥቃለሁ፣ የእርሳስ ፍንጣሪ ጨምሬ አፉን አጥፋለሁ። ወረቀቱ እርጥበት እንዳይጠጣ ሰም እቀባዋለሁ።

ዳኛው አቶ ስብሐት ቸኩለዋል።

«ሾዴ፣ ባሩድ አብዝቼ ነው በይና ግራዝማችን ይቅርታ ጠይቂ። ዕቃሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ።»

«ካልጠየቅኩስ?»

«ዕቃው እዚሁ ይቀራል። ሥራውም ይቀርብሻል።»

«አላበዛሁም፤ አልጠይቅም።»

ግራዝማች ሳቁ። «ምላሷንም በባሩድ ሞልታዋለች!»

ጠመንጃውን ጠጋ ብዬ አየሁት። ያበጠው የቀኙ አፈሙዝ ነው፤ እብጠቱ ከጫፉ አራት ጣት ይርቃል።

«ጌታዬ ዳኛ፣ በጣትዎ ይንኩት። ባሩድ በዝቶ ቢሆን የሚጎዳው ጥይቱ የሚገባበት ኋላው ነበር። ጫፉ የሚያብጠው አፉ ሲደፈን ነው።»

«ጠመንጃ አያያዝ ልታስተምረኝ ነው? እኔን?» አሉ ግራዝማች።

አበላሸ ካሉት ጥይት ጋር በአንድ ቀን ከሞላሁላቸው ስድስቱ ገና በቀበቶአቸው ላይ ነበሩ። ዳኛው አንዱን መረጡ። በቢላ ቀደድኩትና ባሩዱን መዘንኩት፤ ልክ ነበር።

«ሚዛኑም የእሷ ነው!» አሉ ግራዝማች።

ይኼኛው እውነት ነው። «እንግዲያው ሌላውን ጥይት በደህናው አፈሙዝ ራሴ ልተኩሰው። ከበዛ ፊቴ ላይ ይፈነዳል» አልኩ።

ሳልፈትሽ አልተኩስም። ጠመንጃውን ከፍቼ ግራውን አፈሙዝ ወደ መስኮቱ አቀናሁት። በውስጡ ሳይ የብርሃኑ ክብ ጎዶሎ ነበር። ለዳኛው ሰጠኋቸው። አዩ፣ ቀጭን እንጨት ሰደዱበት፣ ሣር የተቀላቀለበት ደረቅ ጭቃ ወረቀታቸው ላይ ተራገፈ።

«የቀኙም እንዲሁ ተደፍኖ ነበር ማለት ነው። ዕቃሽን ውሰጂ» አሉኝ።

ዕቃዬን አልነካሁም። ጠመንጃውን ጭኔ ላይ አድርጌ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

«ጠመንጃዬን!» አሉ ግራዝማች።

«መጀመሪያ ‹ያበላሸችው ይህች ናት› ያሉትን ቃል ያንሱ።»

ግራዝማች ዳኛውን አዩ። ዳኛው ጭቃውን ከወረቀታቸው ላይ እያራገፉ ነበር። ግራዝማች ወደ ደጃፉ ሄደው ቆሙና አንድ ነገር አጉተመተሙ።

«አልሰማሁም፣ ግራዝማች።»

«ጭቃ ነው አልኩ! ጭቃ ነው ያሳበጠው!»

ግቢ ውስጥ ተራ የሚጠብቀው ባለ ጉዳይ ሁሉ ዞሮ አያቸው። ተነሣሁና ጠመንጃውን በሁለት እጄ አቀበልኳቸው።