የእሸቴ ሞተር ዝም ያለች ዕለት

የእሸቴን ሞተር ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ የማያውቃት አልነበረም። አውቆ የሚወዳት ግን አልተገኘም። የጭስ ማውጫዋ ማርሚታ ከሞተሩ ጋር ከሚጋጠምበት ላይ ተበልቶ ስለነበር ጭሱን በዚያው በኩል ትተፋለች፤ ዳገት ስትወጣ ታጉረመርማለች፣ ቁልቁለት ስትወርድ ደግሞ ጧ! ጧ! ትላለች። ድልድዩ ላይ ሽንኩርት የሚሸጡት ሴቶች «መጣ ደግሞ ይሄ ከበሮ!» እያሉ ጆሯቸውን ይይዛሉ።

እሸቴ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነው። ቀኑን ሙሉ በሰው ግቢ ሲዞር ይውልና አመሻሽ ላይ ከፒያሳ ወንዙ ዳር ወዳለው ሰፈሩ ቁልቁል ሲወርድ፣ ሚስቱ የሺዓለም የቆርቆሮውን በር ከፍታ ትጠብቀዋለች። የገዛ በሩን አንኳኩቶ አያውቅም። ይህንን ከፍቅር ቆጥሮ ይኮራበት ነበር። ፍቅርም ነበር፤ ግን ፍቅር ብቻ አልነበረም።

ጓዳ ውስጥ አይናዲስ ነበረች። አንድ ልጃቸው ናት፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ጊዜው ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዓመተ ምሕረት ነው፤ ማን «ነጻ እርምጃ» ተወስዶበት እንደተገደለ በሬዲዮ ከዘፈን ቀጥሎ የሚነገርበት ጊዜ። ጓደኞቿ አንድ በአንድ ሲለቀሙ፣ ለቀበሌው «ጎጃም አክስቷ ዘንድ ሄዳለች» ተባለና አይናዲስ ከጓዳው ገባች። ፀሐይ ካየች ቆይታለች። አባቷ ሲመጣ ብቻ ወደ ሳሎን ወጥታ አብራው እራት ትበላለች። እሸቴ ቀኑን የሚገፋው ለዚያች እራት ነበር ማለት ይቻላል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ አንድ አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን ደቅኖ አስቆመው።

«ጓድ፣ ተኩስ መስሎኝ ልለቅብህ ነበር እኮ! ይሄ ነገርህ ሕዝብ ያሸብራል።»

«አርጅታ ነው ጓድ።»

«ነገም እንዲህ ስትጮህ ብሰማ እሷን እወርሳለሁ። ቤትህም መጥተን ሌላ ምን እንዳለህ እናያለን።»

ሞተሯን ቢወርሷት ግድ አልነበረውም። «ቤትህም» የምትለዋን ቃል ግን ሊያልፋት አልቻለም። ሥራውን እዚያው ጥሎ በቀጥታ ዶሮ ማነቂያ ወደሚገኘው ወደ ተክላይ ጋራዥ ነዳ።

ተክላይ ሙያውን አስመራ ከጣሊያኖች የተማረ፣ ጢሙ የሸበተ መካኒክ ነው።

«ጋሽ ተክላይ፣ ዛሬውኑ ዝም ያሰኙልኝ።»

«ስንት ዓመት ለመንኩህ! ዛሬ ምን ተገኘ?»

«ሰው ረበሸች አሉኝ።»

ተክላይ ፊቱን አየው፤ ሌላም አልጠየቀውም። በዚያ ዘመን የማይጠይቅ ሰው ዘመድ ነበር። የዛጉትን ብሎኖች በላምባ አርሶ እየተሳደበ ፈታቸው። የተበላውን ጠርዝ ሞረደው፤ ከመዳብ ቀለበት ቆርጦ መሃል አስገባበትና አጠበቀው። ከዚያ አስነሥቶ መዳፉን ወደ መጋጠሚያው አስጠጋ። ትንፋሽ የለም።

«በል ሓወይ፣ ወንድሜ፣ እንደ ሙሽራ ቀስ ብላ ትወስድሃለች።»

እሸቴ ወደ ቤቱ ሲወርድ ሽንኩርት ሻጮቹ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። ደስ አለው። ከሰው ተራ የገባ መሰለው። ለልጁ አንድ ነገር አደረገላት፤ ከእንግዲህ የማንም ዓይን ወደ ቤታቸው አይዞርም። ለስለስ እያለ ደጃፉ ደረሰና ሞተሩን አጠፋ።

በሩ ተዘግቷል።

ጥቂት ጠበቀ። ከዚያም አንኳኳ። መልስ ሲያጣ በጡጫው ደበደበው፤ ቆርቆሮው ተንጓጓ። ውስጥ አንድ ነገር ወድቆ ሲሰበር ሰማ። ከብዙ ቆይታ በኋላ የሺዓለም በሩን ገርበብ አደረገች። ከንፈሯ ደርቋል።

«አንተ ነህ?»

«ታዲያ ማን ይሁን?»

«ሞተርህስ?»

«አሠራኋት!» አለና ሳቀ። የሳቀው ብቻውን ነበር።

የሺዓለም ደረቷን መታች። «ወይኔ ልጄን! የሞተርህን ድምፅ ስትሰማ አይደል የምትወጣው! ሌላ ሞተር ወይ መኪና ደጃችን ከቆመ በጓሮ ዘላ ወደ ወንዙ እንድትወርድ ነበር የተማከርነው። እነሱ መስለውን… ሄደች እኮ እሸቴ!»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ምኑ ይነገራል? ያቺ ሞተር አንድ ቀን ዝም ትላለች ብሎ ማን ያስባል!»

እየሮጠ ወደ ጓሮ ሄደ። ከአጥሩ ሥር የልጁ አንድ እግር ነጠላ ጫማ ቀርቷል። ከማዶ ዳገቱ ጨልሟል፤ ወንዙን ደግሞ ከመሸ በኋላ ጠባቂዎች ይዞሩበታል። «አይናዲስ!» ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ጎጃም ናት የተባለችን ልጅ ስም ጠርቶ ሰፈሩን ሁሉ ምስክር ሊያደርግባት ነው? አባት ልጁን በስሟ መጥራት አልቻለም። በሕይወቱ እንደዚያ ምሽት ራሱን ጠልቶ አያውቅም።

ድንገት ወደ ሞተሩ ተመለሰ። ከመቀመጫው ሥር መፍቻ አወጣና ተክላይ ያጠበቀውን መፍታት ጀመረ። ማርሚታው ገና ትኩስ ነው፤ የመዳፉ ቆዳ ተላጠ፣ አልተወውም። የመዳቡን ቀለበት መንጭቆ ጣለው። አስነሣና ነዳጁን ሰጣት።

ጧ! ጧ! ጧ!

የጎረቤት መስኮቶች ተራ በተራ ተዘጉ። እሱ ግን ያለማቋረጥ ነዳጅ ይሰጣል። እኔ ነኝ፣ አባትሽ ነኝ፣ ተመለሽ። የሺዓለም በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ወደ ጓሮው አፍጥጣ ቆመች። ድንገት ዘለል ብላ ክንዱን ያዘችው።

«አጥፋው! እሸቴ አጥፋው! ከወንዙ በኩል ተኩስ ሰማሁ።»

«የሞተሩ ነው» አላት።

«አይደለም፣ አጥፋውና እንስማ!»

«የሞተሩ ነው አልኩሽ!»

ክንዱን እየጎተተች አለቀሰች። እሱ ግን የተላጠውን እጁን ከነዳጅ መስጫው ላይ አላነሣም።