ቀፎ ዝጉ ያልተባልኩበት ቀን

በእኛ አካባቢ ስንዴ ላይ መድኃኒት የሚረጭ ሰው በዋዜማው ንብ ያለው ጎረቤቱ ቤት ይሄዳል። «ነገ እረጫለሁ፤ ቀፎ ዝጉ» ይላል። ባለቤቴ እንደሻው በሕይወት ሳለ ማንም ሳይነግረው ረጭቶ አያውቅም።

ያን ጠዋት፣ ከኢተያ ወጣ ብሎ ባለው ማሳችን ዳር፣ ቀፎዎቹ ጸጥ ብለው ነበር። ከሥራቸው ያለው ሣር በሞቱ ንቦች ጠቁሯል። ጥቂቶቹ በጀርባቸው ተገልብጠው ገና ይንቀጠቀጣሉ።

መሬቱን በእኩል የሚያርስልኝን ቱፋን ጠራሁት።

«ረጭተሃል?»

«ትናንት ከሰዓት። ያ ክሽክሽ ተባይ ስንዴውን መጥጦ ሊጨርሰው ነበር እኮ! ግማሹ የእርስዎ ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

አንገቱን ደፋ። «እትዬ፣ እርስዎ ሐዘን ላይ ነዎት። ጥቁር የለበሰ ሰው በር ላይ ቆሜ ስለ ንብ ላውራ? ነውር መሰለኝ።»

ከቀብሩ ወዲህ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ ያደርግልኛል። እኔም ተመችቶኝ ነበር።

ድንገት አንድ ሐሳብ መጣብኝ።

«መርጫውን የት አጠብከው?»

«ያው ምንጩ ጋ።»

«ከምንቀዳበት ከላይ ነው ከታች?»

«ከላይ። ታችኛውን ከብት ረግጦ አጨቅይቶታል፤ ንጹሕ ውኃ…» ፊቱ አመድ መሰለ።

ልጄ ማህደር ጄሪካን ይዛ ወደዚያው ወርዳ ነበር። ሮጥኩ።

ከምንጩ አጠገብ የቱፋ ሚስት ሀጂራ ጄሪካኗን ትሞላለች። «ምነው እትዬ፣ ጅብ አባረረዎት?» ብላ ሳቀች።

ማህደርን ትከሻዋን ያዝኳት። «ጠጥተሻል?»

«አዎ፤ ማታም ከዚሁ ጠጥተናል። አንቺም ጠጥተሻል፣ እማዬ።»

ቱፋ መርጫውን እዚህ እንዳጠበው ነገርኳቸው። ሀጂራ ሳቋን አቁማ እጇን ሆዷ ላይ አደረገች፤ እርጉዝ ናት። ከኋላዬ ቱፋ እያለከለከ ደረሰ።

«አንተ ብቻ ነህ እዚህ ያጠብከው?» አለችው ሀጂራ።

«ሁላችንም ነን» አለ ቀስ ብሎ። «ሁልጊዜ።»

ቀና ብዬ አየሁ። ከምንጩ ጀምሮ እስከ ተራራው ወገብ ያለው ሁሉ መድኃኒት የሚረጭበት ስንዴ ነው፤ የእኔም እዚያው ውስጥ አለ።

«ታዲያ ምን እንጠጣ?» አለች ሀጂራ። እኔን ነበር የምታየው፤ የተማረች ናት ብላ ይሆናል።

ከዳገቱ ማዶ ሴቶች ጄሪካን አዝለው እየተጫወቱ ይመጣሉ። ጄሪካኑን ከማህደር እጅ ወስጄ ደፋሁትና መንገዱ መሃል ቆምኩ። ከሐዘኑ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኼ፣ «ውኃው ተመርዟል፤ አትቅዱ!» አልኩ።