ክንፎቹ የቆሙ ዕለት

ሰፈሩ ላባው ይለዋል። ትክክለኛ ስሙ መታወቂያው ላይ ቀርቷል። ምላጭ ሲይዝ እጁ ቆዳ ላይ አይሰማም፤ አንድ ደንበኛ ተላጭቶ፣ አልኮል ተቀብቶ፣ ጨርቁ ከአንገቱ ከተፈታለት በኋላ "መቼ ልትጀምር ነው?" ብሎ ጠይቆታል ይባላል። ይህን ወሬ የሚያወራው ራሱ ላባው ስለሆነ ግማሹን ብቻ ማመን ይበቃል። ግማሹም ቢሆን ግን ቀላል አይደለም።

ይሄ እንግዲህ ከማራገቢያዎቹ በፊት ነው። ማራገቢያ የሚሏቸው ከሰፈሩ ጀርባ ጉብታው ላይ የተተከሉትን የነፋስ ተርባይኖች ነው። አንደኛው ከላባው ፀጉር ቤት ጀርባ፣ ቀና ሲሉ አንገት እስኪያም ድረስ ቆሟል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወደዚያ ስታዘነብል የክንፎቹ ጥላ በመስኮት ይገባል፤ መስተዋቱን ይጠርጋል፣ ወንበሩን ይጠርጋል፣ የደንበኛውን ጉሮሮ አቋርጦ ይወጣል፣ መልሶ ይመጣል። ላባው ደግሞ ወንበሩን ከመስኮቱ ፊት ያቆመ ሰው ነው። ሙያውን ያስተማረው ሰውዬ "አምፖል ይዋሻል፣ ፀሐይ አይዋሽም" ብሎት ስለነበር ለምላጭ ሥራ መብራት አብርቶ አያውቅም።

መጀመሪያ የአናጢው አገጭ ተቆረጠ። ከዚያ የመምህሩ ጆሮ ሥር ደማ። ላባው ጥጡን እየጫነ "ጥላው ነው" አለ፤ ሰዉም አመነው። የማያምንበት ምክንያት አልነበረም፤ በዚያ ሰሞን ሁሉም የየራሱ ቅሬታ ነበረው። አንዷ ዶሮዎቼ መጣል አቆሙ ትላለች፣ ሌላው ራሴን ይፈልጠኛል ይላል፣ ምሰሶው ሥር የሌሊት ወፎች ሞተው እየተገኙ ነው፣ ለመኪና መንገድ ተብሎ የተቆፈረው አፈር ምንጩን አደፍርሶታል። እውነቱም ግምቱም አንድ ላይ ተቦካ። እርግጥ ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነበር፤ ምሰሶዎቹ ሲተከሉ ይኸው ሰፈር ልጆቹን አልብሶ ወጥቶ ከክንፎቹ ጋር ፎቶ ሲነሳ ነው የከረመው።

የተቃውሞው መሪ ያው ጆሮው የደማው መምህር ነው፤ ጡረታ የወጣ፣ ጂኦግራፊ ሲያስተምር የኖረ፣ ዝም ያለ ሰው ሲያይ የሚጨንቀው ሽማግሌ። ላባውን ከፊት አሰለፈው። የዶሮ ነገር ያከራክራል፣ ራስ ምታት አይታይም፣ የላባው እጅ ግን ይታያል። በየስብሰባው "አሳያቸው" ይለዋል፤ ላባው እጁን ይዘረጋል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ሰዉ ከንፈሩን ይመጥጣል።

በመጨረሻ አጣሪ ቡድን መጣና አዳራሽ ውስጥ ሁለቱን ወገኖች አስቀመጠ። የማራገቢያዎቹ ኩባንያ ኢንጂነር ረጋ ያለች ወጣት ሴት ነበረች። የጥላው መመላለስ እንደሚያውክ አልካደችም፤ ይስተካከላል አለች፤ እጅ ያንቀጠቅጣል ለሚለው ግን ማስረጃ አላየሁም አለች። ላባው ደሙ ፈላ። ብድግ ብሎ "አቁሙትና ኑ!" አለ። "ከመካከላችሁ የፈለጋችሁትን እላጫለሁ። አንዲት ጠብታ ደም ካያችሁ ጉብታው ላይ ወጥቼ ማራገቢያውን እስመዋለሁ።"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። የአጣሪዎቹ ሰብሳቢ፣ ጺሙ እንደ ቁጥቋጦ የሞላ ትልቅ ሰው፣ ጭብጨባው እስኪበርድ ጠበቀና "እንግዲያው ወንበሩ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ" አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። የቅርቡ ማራገቢያ ከአንዱ ቀን ጠዋት እስከ ማግስቱ ከሰዓት እንዲቆም፣ አጣሪዎቹም በማግስቱ መጥተው እንዲያዩ ተወሰነ።

ክንፎቹ የቆሙ ዕለት ሰፈሩ ደጅ ወጥቶ ሽቅብ አየ። ጸጥታው ግራ ያጋባ ነበር፤ ሰዉ ሳያውቀው እየጮኸ ሲያወራ ኖሮ፣ አሁን የራሱ ድምፅ እያስደነገጠው ዝቅ አደረገ። ላባው ሱቁን በጠዋት ከፈተ። ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ የጠራውን መስተዋት መልሶ ጠራረገ። የመጡት ሁለት ሰዎች ፀጉር ብቻ አስቆርጠው ሄዱ፤ ለዚያ የፀጉር መቁረጫው ቶንዶስ በቂ ነው። ጺም የሚላጭ አልመጣም። ለነገ እጅህን አሳርፍ ይሉታል፤ በአክብሮት ይሁን ጉሮሯቸውን ሰስተው፣ እነሱ ያውቃሉ።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ገባች። ጥላ የለም። ብርሃኑ ወንበሩ ላይ እንደተዘረጋ አንሶላ ዝም ብሎ ተኛ። ላባው መቀመጥ አቃተው። ከመሳቢያው ፊኛ አወጣ። ስንቱን ተለማማጅ በፊኛ ነው ያስተማረው፤ ይነፋል፣ ሳሙና ይቀባል፣ አረፋው በምላጭ ይነሳል፣ ፊኛው አይፈነዳም። ሙያው ማለት ይሄ ነው። ድሮ እሱ ስለ ኳስ እያወራ፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ይሠራው ነበር።

ነፋው፣ ቋጠረው፣ አረፋውን ቀባው። የመጀመሪያው መስመር ጸድቶ ወረደ። ሁለተኛው ላይ የምላጩን ጫፍ አየው። ጥላ የለም፣ ድምፅ የለም፤ ጫፉ ግን እንደ ሕያው ነገር ይንቀጠቀጣል። ትንፋሹን ያዘ። ባሰ። ፊኛው እንደ ጥይት ጮኸና አረፋው ፊቱ ላይ ተረጨ።

መጀመሪያ የደነገጠው ለሚስቱ ነው። የሚኖሩት ከሱቁ ጀርባ ባለው ክፍል ነው፤ መሐላቸው መጋረጃ ብቻ ነው። ማራገቢያዎቹ ከመጡ ወዲህ እሷ ድመት ጣሪያ ላይ ስትራመድ እንኳ ብንን የምትል ሰው ሆናለች። "ምን ወደቀ?" ትላለች ብሎ ጠበቀ። አላለችም። መጋረጃውን ገለጥ አደረገ። ከምሳ በኋላ ጎኔን ላሳርፍ ብላ የገባች ሴትዮ፣ አንድ እጇን ጉንጯ ሥር አድርጋ፣ አፏ ትንሽ ተከፍቶ፣ በረጅሙ እየተነፈሰች ተኝታለች።

ላባው አረፋው ፊቱ ላይ እየደረቀ ቆሞ አያት። እንቅልፍ እንደሌላት ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። መጀመሪያ ሰሞን "ደረቴ ውስጥ ነው የሚዞረው" ብላው ነበር፤ እሱ ደግሞ ጆሮሽ ላይ ጥጥ አድርጊ ብሏት ወደ ስብሰባው ሄደ። ከዚያ በኋላ አልነገረችውም። ዓይኗ ሥር እየጠቆረ፣ ጨው ጨምራ መልሳ እየጨመረች፣ የጀመረችውን ወሬ መሐል ላይ እየጣለች ከረመች፤ እሱም እርጅና ነው ብሎ ተወው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለሴት ብቻ አይደለም። አፈረ። በጣም አፈረ።

ከዚያ ወዲያ ዕረፍት አጣ። ወደ ሱቁ ይወጣል፣ ወደ ጓዳ ይገባል። ብርጭቆ ውኃ ይዞ የውኃውን ፊት ያያል፤ ውኃው ይርገበገባል። ቀኝ እጁን በግራው ጨምቆ ይይዛል፤ ሲለቀው ያው ነው። አባቱ ትዝ አሉት። በስተርጅናቸው ሻይ የሚጠጡት ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር፤ እሱም እንዲያ የሚጠጡት ስለሚሞቃቸው ይመስለው ነበር። ልብ ብሎ ካሰበው ደግሞ፣ ምሰሶዎቹ ከመተከላቸው በፊትም አንድ ሁለቴ ምላጩ አዳልጦት ያውቃል። ያኔ ያሳበበው በምላጩ ነው።

መምህሩ ወደ ማምሻው ላይ ብቅ አለ። ላባው ድምፁን ዝቅ እንዲያደርግ በምልክት ነገረውና እጁን ዘረጋለት። መምህሩ እጁን አየ፣ በመስኮት የቆሙትን ክንፎች አየ፣ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ሽማግሌው ዝም ሲል ላባው ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቱ ነው። ዝምታው ግን አልቆየም። ሁለተኛው ዙር ማራገቢያ የሚተከለው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ መሆኑን አስታወሰው፤ ነገ ከወደቅን አለቀልን አለ።

"ነርቭህ ውስጥ ገብቷል በላቸው" አለ በመጨረሻ። "ማሽን ስለቆመ በሽታ አብሮ አይቆምም። ምናልባትም እውነት ነው፤ ምን ታውቃለህ?"

"ጋሼ፣ አባቴ ማራገቢያ ሳያዩ ነው የሞቱት።"

"አባትህን ማን ይጠይቃል?"

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ መምህሩ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ላባው ወደ መጋረጃው እያመለከተ ስለ ሚስቱ ነገረው። መምህሩ እጁን አወናጨፈ። እንቅልፍ የማያጣ ማን አለ፣ እኔም አጣለሁ፣ ይሄን ይዘን ማን ያምነናል አለና፣ ነርቭ የምትለዋን እንዳትረሳ ብሎ ወጣ።

ሚስቱ ሲመሽ ነቃች። ፊቷ አብጦ፣ እንደ ልጅ ጉንጯ ላይ የትራሱ መስመር ታትሞ ነበር። ግድግዳውን ዞር ዞር ብላ አየችና "ቤቱ ሰፋ" አለችው። ትንሽ ቀመሰችና ተመልሳ ተኛች። ስለ እጁ ሊነግራት ፈልጎ ነበር፤ ግን ጎኗ ተጋድሞ ትንፋሿን ሲያዳምጥ አደረ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ ሱቁ ደጃፍ ላይ ታጨቀ። ሚስቱ አሁንም አልነቃችም ነበር። ሰብሳቢው ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ሁለቱ አጣሪዎችና ኢንጂነሯ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ፤ መምህሩ በሩን ይዞ ከወዲያ ወዲህ ይወዛወዛል። ላባው ጨርቁን አሰረ፣ አረፋውን በደንብ አድርጎ ቀባ። ያ እንኳ አልከዳውም። ሰብሳቢው ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን ወደ ኋላ ጣለ፤ እንግዳ ሰው አንገቱን እንዲህ ሲሰጥ ላባው ድሮ ኩራት ኩራት ይለው ነበር።

ምላጩን አቀረበ። በጠራው ብርሃን የጉሮሮው ሥር ሲመታ ይታያል። ከዚያ በላይ የምላጩ ጫፍ ይንቀጠቀጣል። ነርቭ የምትለዋ ቃል ምላሱ ላይ ደርሳ ነበር፤ ለሰፈሩም ለእሱም የምትበቃ ትንሽ ቃል።

ምላጩን አልኮሉ ውስጥ መልሶ አስቀመጠው። "አልላጭዎትም" አለ። "እጄን የነካው ማራገቢያው አይደለም። ከአባቴ የወረስኩት ነው። ትናንት ነው የገባኝ።"

ደጁ ተንጫጫ። ከኋላ አንዱ "ገዝተውታል" አለ። አናጢው አገጩን ዳበሰ። መምህሩ ፊቱ ደም መሰለ።

ላባው እጁን ከፍ አድርጎ ዝም እንዲሉ ለመናቸው። "ማራገቢያው የጎዳው ሚስቴን ነው" አለ። "ከተተከለ ጀምሮ ተኝታ አታውቅም። ትናንት ሲቆም ተኛች። ይኸው እስካሁን ተኝታለች።"

ሰብሳቢው ፊቱ በአረፋ እንደተሸፈነ ቀና አለ። ክፋት በሌለው ድምፅ፣ ትውጣና ራሷ ትንገረን አለ። ከዚህ ወደ ሌላ ቦታ እንደሚሄዱ፣ እሷ እስክትነቃ መቆየት እንደማይችሉ፣ ማሽኑም ወዲያው እንደሚነሳ፣ ከራሷ አፍ ያልሰሙትን ሊጽፉ እንደማይችሉ አስረዳው። ላባው መጋረጃውን ገልጦ ገባ።

በዚያው ጎኗ ተኝታለች። ትከሻዋን ሊነካ እጁን ዘረጋ። ስትነቃ እንዴት እንደምትነቃ ያውቃል፤ እንደ ተመታ ሰው ተነስታ ቁጭ ትላለች፣ ልቧን ትይዛለች፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ወደ እንቅልፏ አትመለስም። እጁን ሰበሰበ። ይወዳታል፤ ከዚህ በፊት ይህን ያህል እንደሚወዳት ለራሱም ብሎት አያውቅም ነበር።

ወጥቶ "አልቀሰቅሳትም" አለ።

"አንተ ሰው፣ አንድ ቃል ተናግራ ትመለስና ትተኛ!" አለ መምህሩ። ድምፁ ጓዳው እንዳይሰማ በሹክሹክታ ነው የሚቆጣው።

"ተመልሳ አትተኛም፣ ጋሼ። ያላት እንቅልፍ ማሽኑ እስኪነሳ ድረስ ያለው ብቻ ነው።"

ለአጣሪዎቹ ግን ግቡና እዩዋት አላቸው። አጣሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ኢንጂነሯ ጫማዋን አውልቃ ብቻዋን ገባች። ስትወጣ ድምፅ ላለማሰማት ጫማዋን በእጇ እንደያዘች ነበር። "ያየሁትን እናገራለሁ" አለችው ቀስ ብላ። "ያየሁት ግን የተኛ ሰው ነው። ምስክር አይሉትም።"

ላባው የሰብሳቢውን ፊት በፎጣ ጠረገለት፤ ለዚያ እጁ አላነሰም። ሰዉ ተበተነ። አንዳንዱ እየተሳደበ ሄደ፤ ሲሳደብም በሹክሹክታ ነበር። መምህሩ በመጨረሻ ወጣና በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው፤ ቻው አላለውም።

ትንሽ ቆይቶ ከላይ ረጅም ትንፋሽ የመሰለ ድምፅ መጣ። ከዚያ ሌላ። ጥላው በመስኮት ገብቶ ባዶውን ወንበር ጠረገው። ላባው ተሯሩጦ ጓዳ ገባና የመስኮቱን መጋረጃ ዘረጋ፤ ክፍሉ ጨለም አለ። አልጋው ሲንቋቋ ሰማ።

"ነጋ እንዴ?" አለችው።

"ገና ነው። ተኚ።"

ጥቂት አዳመጠች። መጋረጃው ሥር የገባውን የከሰዓት ብርሃን አየች፣ እሱንም አየች፣ አልጋው ጫፍ ላይ ሲቀመጥ የሚንቀጠቀጠውን እጁን ያዘችው። "እሺ" አለችና ዓይኗን ጨፍና እንደተኛ ሰው በረጅሙ መተንፈስ ጀመረች። ላባው ግን እውነተኛውን ትንፋሽ ከትናንት ጀምሮ ሲሰማ ስለቆየ፣ ይሄኛው ለእሱ ሲባል የሚተነፈስ መሆኑን አወቀ።