ጀግና ተብዬዋ

የቀድሞ ባሌ ፀጉር ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ ደንበኛዬ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ተቀምጣ እያየች፣ በገዛ መቀሴ ፊቴንና ቀኝ እጄን ቆራረጠኝ። እሱ ታሰረ። እኔ ከሆስፒታል ስወጣ ሁለት ጣቶቼ አልታጠፍ አሉኝ። በግራ እጄ ፀጉር በቢጉዲን መጠቅለል እስክለምድ ስንቷን ሴት አስለቀስኩ መሰላችሁ! ቢሆንም ፀጉር ቤቱን መልሼ ከፈትኩ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ «ጀግና» ይለኛል። ዋጋ ሲከራከሩኝ ግን ጀግንነቴ ትዝ አይላቸውም።

የሴቶች ማኅበር አስተባባሪዋ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ታሪኬን እንድናገር ስትለምነኝ እሺ ያልኩት ለታናሽ እህቴ ብዬ ነው። ባሏ እንደሚመታት አውቃለሁ። ዓይኗ አብጦ ስትመጣ «በር መታኝ» ትላለች። እኔም ያኔ ለቤተሰቡ የምለው ይህንኑ ነበር፤ ገመናዬን ማንም አልሰማም። እኔ ስመክራት ትቆጣለች። ከሰው መሀል ቁጭ ብላ ብትሰማኝ ግን ጥላው ትወጣለች ብዬ ተስፋ አደረግኩ።

ልንጀምር ስንል አስተባባሪዋ ወደ ጥግ ሳበችኝ።

«ሰዓት የለንም፣ የኔ እናት። የጥፊውን ዘመን ተይውና መቀሱ ላይ ቶሎ ግቢ። ከዚያ ሥራሽን እንዴት እንደቀጠልሽ። ሰው ተስፋ ይፈልጋል።»

እኔም ሞኟ እሺ አልኩ።

እንደታዘዝኩት ተናገርኩ። አዳራሹ ተላቀሰ። ቆመው አጨበጨቡልኝ፤ አንዷማ ጠባሳዬን ሳመችው። እህቴ ከፊት ተቀምጣ መሐረቧ እስኪርስ ታለቅሳለች። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። በቃ፣ ዛሬ ገባት አልኩ።

ሰው ሲበተን ሮጣ መጥታ አቀፈችኝ።

«እህትዬ፣ ዛሬ ዓይኔን ገለጥሽልኝ።»

«ተመስገን! ልብስሽን እኔው ሄጄ አመጣልሻለሁ።»

«የምን ልብስ?» አለች ግራ ገብቷት። «ለካ የኔው ደህና ሰው ነው። ቢበዛ ጥፊ ነው። እኔ ደግሞ በሆነ ባልሆነው እያኮረፍኩ ሳማርረው ኖርኩ። አሁን ገብቼ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።»

ክንዷን ጨምድጄ ያዝኳት።

«የኔውም በጥፊ ነው የጀመረው! ስንት ዓመት ሙሉ ጥፊ ብቻ ነበር!»

ጠባሳ የሌለበትን ጉንጬን ዳበሰችልኝ።

«አንቺ ደግሞ! እኔን ለማስፈራራት አሁን የፈጠርሽው ነው። እውነት ቢሆን ያን ሁሉ ሰው ፊት ትናገሪው አልነበር?»

አስተባባሪዋ ኑ ፎቶ እንነሳ እያለች ጠራችን። እህቴ እንባዋን ጠራረገች፣ አጠገቤ ቆማ ፎቶ ተነሳች፣ ከዚያ ወደ ባሏ ሄደች።