ካፖርቱ ከመስመሩ ማዶ

የድንገተኛ ክፍሏን ነርስ ባልደረቦቿ «ሲስተር አንጀቴ» ይሏታል። ሰው ሲያቃስት በሰማች ቁጥር «ውይ አንጀቴን!» ብላ ትነሳለች፤ ከዚያ በኋላ የሚይዛት የለም። በሌላ ጊዜ ይህ ምርቃት ነው። በኬሚካል የተመረዘ ሰው በሚመጣበት ቀን ግን መዘዝ ነው። መርዙ በበሽተኛው ልብስ ላይ ስላለ፣ እሱን ያቀፈ እሱኑ ይከተላል።

ሆስፒታሉ ሠራተኞቹን በየተራ የሚያሠለጥነውም ለዚህ ነው። ግቢው በር አጠገብ መሬቱ ላይ ቀይ መስመር ተቀብቷል። ከመስመሩ ማዶ ያለ በሽተኛ ልብሱ ሳይወልቅ፣ ገላው በሳሙናና በውሃ ሳይታጠብ ወደ ክፍል አይገባም። ነርሷም ጭምብሏን፣ ጓንቷንና ቱታዋን ሳትለብስ መስመሩን አትሻገርም። ቀላል ነው፤ ልብ ለሌለው ሰው። ሲስተር አንጀቴ ግን የሥልጠናውን ፈተና ሁለቴ ወድቃለች። መጀመሪያ፣ በሽተኛ መስሎ ለተኛው የግቢ ጥበቃ የሳሙናውን አረፋ ከአፉ ላይ በገዛ ሻርፗ ጠረገችለት። ሁለተኛ፣ አንድ ጓንት ብቻ አድርጋ ሮጠች፤ ፈታኙም «ሁለታችሁንም ቀብረናል» አላት። አሁንም ከወደቀች ከድንገተኛ ክፍል ተነስታ ካርድ ክፍል እንደምትመደብ ተነግሯታል። ዕድሜዋን በሙሉ ሰው ስታነሳ ለኖረች ሴት፣ መደርደሪያ መሃል መቀመጥ ከነሕይወቷ መቀበር ነው።

ጡረታ የወጣው ባሏ ይህን ሲሰማ ደረቱን ነፋ።

«እኔ እያለሁልሽ? እዚሁ ቤት እንለማመዳለን። እኔ እመረዛለሁ!»

ተመረዘም። ጠዋት ጠዋት አልጋው ላይ ተንጋሎ «ላብ አጠመቀኝ! ምራቄ ሞላ! ዓይኔ ጨለመ! ልጆቼን አደራ!» እያለ ያቃስታል። እሷ በሩ ላይ ቆማ ጓንቷን ታጠልቃለች፣ ምልክቶቹን አንድ በአንድ ትጠራለች፣ መጨረሻ ላይ የመርዙን ማርከሻ ጠርታ «አትሮፒን!» ትላለች። እስከዚህ መልካም ነው። ችግሩ፣ ሰውዬው የሚያገግመው ቁርሱ አልጋው ድረስ ሲመጣለት ብቻ ነው። እንቁላል ሲጨመርበት ደግሞ ቶሎ ይሻለዋል። ሲስተር አንጀቴ ሞኝ አይደለችም፤ ባሏ ሲያስመስል ንግግር እንደሚያበዛ ታውቃለች። እውነት ሲያመውማ ሌላ ነው። አንድ ጊዜ የመኪና በር ጣቱ ላይ ሲዘጋበት፣ ያ ሁሉ አፍ ጠፍቶ በቀጭን ድምፅ «እማዬ» ብቻ ነበር ያለው። ቢሆንም እንቁላሉን ጠበሰችለት። ፈተናው እስኪያልፍ ሁሉንም ትችለዋለች።

የማትችለው ካፖርቱን ነበር። ሰውዬው ከሹፌርነት ዘመኑ ጀምሮ ያልተለየው ቡናማ ካፖርት አለው። ክርኑ ተልጧል፣ ኪሱ የናፍጣ ሽታ እንደያዘ ቀርቷል፣ ለልጃቸው ሠርግ እንኳ ለብሶት ሄዶ ዘመድ አዝማድ ፊት አሳፍሯታል። ስንቴ ጣለችው፤ ስንቴ ከቆሻሻ ገንዳ አንስቶ፣ አራግፎ፣ ለብሶት ተመለሰ።

«ተለማምጄበታለሁ» ብሎ ሆስፒታሉን ስለለመነ፣ በፈተናው ቀን የተመረዘውን ሰው የሚሆነው እሱ ነው። ሆስፒታሉ አሮጌ ቱታ ቢሰጠው «ይበርደኛል» ብሎ በካፖርቱ ቀረበ። ፈታኙ አንገቱ ላይ ካርድ አንጠለጠለለት፦ «የፀረ ተባይ በርሜል የጫነ መኪና ተገልብጦበታል። የዓይኑ ብሌን ጠቧል፤ ላብ፣ እንባ፣ ምራቅ።» ባልየው ከማዶ እየተንገዳገደ መጣ።

«ወይኔ አለቅሁ! የልጆቼ እናት፣ ድረሽልኝ! ይችን ዓለም ሳልጠግባት...»

ተመልካች ሲበዛለት ጊዜ ባሰበት። ደረቱን ይዞ ዞር አለ፣ ደግሞ ዞር አለ፣ ከዚያ መሬት ላይ የተዘረጋው የውሃ ጎማ እግሩን ጠለፈውና ዘጭ አለ። ንግግሩ ቆመ። ጥቂት ቆይቶ በቀጭን ድምፅ «እማዬ» አለ።

ባልደረቦቿ ሳቁ። ሰውዬው ተዋናይ ነው ተባባሉ። እሷ ግን ያንን ድምፅ ታውቀዋለች። እግሯ ቀድሟት ተነሳ፣ የጫማዋ ጫፍ ቀዩ ቀለም ጋ ደረሰ፤ ፈታኙም እስክሪብቶውን አዘጋጀ።

«ውይ አን...» አለችና የቀረውን ዋጠችው። ባሏ ይተነፍሳል፣ ይንቀሳቀሳል፤ የተጎዳው እግሩ ነው፣ እግር ደግሞ ጥቂት ይታገሣል። የእውነቱ ቀን ሲመጣም ከማዶ የሚወድቀው የአንዷ ባል ነው። ጭምብሏን አጠለቀች፣ ቱታዋን ለበሰች፣ ሁለቱንም ጓንት አደረገች። ያኔ ተሻገረች።

«ቀኝ እግሩን ማንም እንዳይነካው! ቃሬዛ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ መቀሷን አወጣች።

ባልየው መቀሱን ሲያይ ሕመሙን ረሳ። «ኧረ ቁልፍ አለው! ፈትተሽ አውልቂው!»

«የተመረዘ ሰው ዝም ይላል» አለችው ከጭምብሉ ውስጥ፣ ካፖርቱንም ከታች እስከ አንገትጌው ተረተረችው። አንዱን እጅጌ፣ ሌላውን እጅጌ፣ የናፍጣውን ኪስ ሳይቀር ቆረጠችው። ቁርጥራጩን ላስቲክ ውስጥ ከታ አፉን አሰረች፤ ያን ላስቲክ ሌላ ላስቲክ ውስጥ ከታ ደግማ አሰረች። ባሏን እግሩን ደግፋ አሳጠበችው፣ ባዶ መርፌ ይዛ «አትሮፒን» አለች፣ ወደ ውስጥም አስገባችው። ፈታኙ «አልፈሻል» ብሎ እጇን ጨበጣት። እሷ ግን ጨብጣው ሳትጨርስ የስብራት ሐኪም ልትጠራ ሮጠች።

በማግስቱ ባልየው እግሩ በጀሶ ታሽጎ አልጋው ላይ ነበር። እንቁላሉን አቀረበችለት። አልነካውም።

«እማዬ ስል ገብቶሽ ነበር?»

«ገብቶኝ ነበር።»

«ታዲያ ቆመሽ ታይኛለሽ?»

«መርዙ የእውነት ቢሆን፣ ሮጬ ባቅፍህ አብረን እንሞት ነበር። እኔ ከሞትኩ አንተን ማን ያነሳሃል?» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እንደዚያች ደቂቃ የከበደኝ ነገር የለም፤ በልጆቼ።»

እሱም ሆዱ ባባ። እጇን ያዘ፣ ከዚያ እንቁላሉን ጎረሰ፣ አላመጠ፣ አሰበ።

«እሺ፣ ካፖርቱስ? ቁልፍ ነበረው እኮ!»

ሲስተር አንጀቴ እንባዋን ጠርጋ ተነሳች፣ የሻዩን ባዶ ብርጭቆ አንስታ ወደ በሩ ሄደች።

«ለካፖርቱማ» አለችው ዞር ብላ፣ «አንጀቴ ከጨከነ ቆይቷል።»