ሁለተኛ የወጣው ዋናተኛ

ወንድምአገኝ የሚባለው ለሳኝ ያን ሳምንት መቀመጫ አጥቶ ሰነበተ። ሻይ ያዝዝና ሳይጠጣው ይነሳል፤ የልስን ማንኪያውን ያነሳና ምን ሊሠራበት እንደነበር ይረሳል፤ መወጣጫው ላይ ወጥቶ ወዲያው ይወርዳል። የአሠሪው የኢዘዲን ዓይን ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር አይስትም። ኢዘዲን የጅጅጋ ልጅ ነው፤ ሀርጌሳ ፍርስራሽ ሳለች ገብቶ ግንባታ በግንባታ የሆነ ሥራ ተቋራጭ። «ወንዴ፣ ሆድህን ነው ወይስ ልብህን?» አለው። ሙቀቱ ነው ብሎ መለሰ። ሀርጌሳ ያን ሰሞን ጃኬት የሚያስለብስ ነፋስ ነበረባት፤ ውሸቱን አየሩ እንኳ አላገዘውም።

ሥራው አንድ ግድግዳ ነበር። ጦርነቱ ካለፈ ስምንት ዓመት ሆኖ ከተማዋ ጣሪያ በጣሪያ እየለበሰች ሳለ፣ የቀድሞ ስፖርተኞች ኮሚቴ አቋቋሙና ለአገራቸው ዋኝተው ዋንጫ ያመጡትን ዋናተኞች፣ ጠላቂዎችና የውሃ ኳስ ተጫዋቾች ስም በአዲሱ የወጣቶች አዳራሽ የውጭ ጎን ግድግዳ ላይ ሊያኖሩ ቆረጡ። የመጠጥ ውሃ በአህያ ጋሪ ተጭኖ በሚሸጥባት ከተማ ዋናተኛ ማክበር ለሚስቅ ሰው ያስቃል። የአገሩ ሰዎች ግን ነገሩን አክርረው ያዙት። ቤታቸው፣ ፎቶግራፋቸው፣ ሜዳሊያቸው በቦምብ ሄዷል። የቀራቸው ስም ነው፤ ስሙም በቀለም ከተጻፈ ፀሐይ ይበላዋል ብለው በእርጥብ ሲሚንቶ ላይ እንዲቀረጽ አዘዙ።

ይህን የሚችል ወንድምአገኝ ብቻ ነው። አንድ ክንድ ያህል ቦታ በለስላሳ ሲሚንቶ ይለስናል፤ ጥቂት ጠጠር ሲል ወረቀቱን እያየ በሚስማር ፊደሉን ይቀርጻል። ቶሎ ካልጨረሱ ፀሐይዋ ትቀድማለች። አንዴ ከደረቀ ደግሞ የተሳሳተ ፊደል በመዶሻ ካልሆነ አይነሳም። በሕይወት ያለው ሰው ስሙ ብቻ ይጻፋል፤ የሞተው ከስሙ በፊት «መርሁም» ይባላል፣ አላህ ያዘነለት እንደማለት። ከአሥራ አንዱ ስም ሰባቱ መርሁም ነበሩ። የሞተ ተጎዳ ይባላል፤ እዚያ ግድግዳ ላይ ግን ሙታኑ ረዘም ያለ ቦታ ይዘዋል።

ወንድምአገኝን እረፍት የነሳው አሥራ ሁለተኛው ስም ነው። ሊስቱ ግርጌ ላይ ሮብሌ የሚል ስም ተጽፎ በእስክሪብቶ ተሰርዟል። መዝገቡ ስለተቃጠለ ኮሚቴው ወረቀት የሌለው ሁሉ ሁለት ምስክር ያምጣ ብሏል። የሮብሌ እህት ሻምሶ አንድ ምስክር አግኝታለች፤ ዋናተኞቹን በጀልባ ያመላልስ የነበረ አንድ የበርበራ ሽማግሌ። ሁለተኛ ግን የለም። ምረቃው ሐሙስ ነው፤ ዕለቱ ደግሞ ማክሰኞ።

እንግዲህ ጉዱን ላውጣው። ይህ ሰው ወንድምአገኝ አይደለም። እናቱ ያወጣችለት ስም ገነነ ነው፤ በወጣትነቱ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ዋናተኛ ነበር። በስልሳ አምስት ዓመተ ምሕረት የጎረቤት አገር ዋናተኞች ተጋብዘው፣ ባሕሩ ላይ ከቆመ መርከብ ተነስተው እስከ ወደቡ የብረት መሰላል ሲወዳደሩ፣ ከሮብሌ ጋር ትከሻ ለትከሻ ዋኝቷል። ሮብሌ አንደኛ፣ ገነነ ሁለተኛ።

በሰማንያ ሦስት ሠራዊቱ ሲበተን ወደ ጅቡቲ ሸሸ። እዚያ አብሮት ኩሊ ይሠራ የነበረ ወንድምአገኝ የሚባል ልጅ ወባ ገደለው። ገነነ ከልጁ ትራስ ሥር መታወቂያውን ወሰደ። የደርግ ወታደር በሚለቀምበት ጊዜ የሟች ስም ከሕያው ስም ይሻል ነበር። በዚያ ስም ሀርጌሳ ገባ፤ በዚያ ስም የመኖሪያ ወረቀት አወጣ፤ በዚያ ስም ሸዋርካብሽን አገባ፤ የአራት ዓመት ልጁም ዓለምነሽ ወንድምአገኝ ተባለች። ሮብሌን አውቀዋለሁ ቢል አንተ ማነህ መባል ይመጣል። ከዚያ ወረቀቱ ይነጠቃል፣ ድንበር ላይ ይጣላል፣ ሚስቱም ያገባችው ስም የሬሳ ስም መሆኑን ትሰማለች። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የስንቁን እንጃ፤ የእሱ ውሸት ከልጁ ጋር አብሮ እያደገ እየከበደ መጣ።

ማምሻውን መሐመድ ሞጌ ሰፈር ካለችው የቆርቆሮ ቤቱ ሲገባ ነገሩ ቀድሞት ገብቶ ጠበቀው። ሸዋርካብሽ የምትሠራው ጋአን ሊባህ ሰፈር፣ ከሻምሶ ቤት ነው። እመቤቷ እህል ካፏ ካልገባ ሁለት ቀኗ እንደሆነ እየተብከነከነች ነገረችው። ሮብሌ ከተማዋ በአውሮፕላን ስትደበደብ ነው የሞተው፤ ሬሳው አልተገኘም። እናታቸው የት ነው የተኛው እንዳለች ሞተች። ሻምሶ፣ ስደት ላይ ሳለች ጅጅጋ በለመደችው አማርኛ፣ መቃብር የለውም፣ ስሙ ግድግዳው ላይ ካለ ግን ዓርብ ዓርብ ሄጄ የምቆምበት አገኛለሁ ብላ አልቅሳለች።

ወንድምአገኝ ተነስቶ ደጅ ወጣ። ተመልሶ ገባ። ደግሞ ወጣ። ሚስቱ እሾህ ላይ ነው እንዴ የተቀመጥከው አለችው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲገባ አፉ ከልቡ ቀደመና፣ ልጅ ሆኜ ምጽዋ ወደብ ላይ ዕቃ ስጭን ያን ውድድር አይቻለሁ አላት። ግማሽ እውነት መሆኑ ነው፤ ከሙሉ ውሸት የባሰ ነገር። ሸዋርካብሽ እስካሁን ምን አፍህን ያዘው ብላ ነጠላዋን አጣፍታ በዚያው ምሽት ወደ ሻምሶ ሮጠች።

ረቡዕ ጠዋት ከኮሚቴው ፊት ቆመ። ሴክሬታሪው ቀጭን፣ መነጽሩን የሚጠርግ፣ ለቃል ጥንቁቅ የሆነ ሰው ነው። ወንድምአገኝ ያየውን ተናገረ፤ ሮብሌ በእጅ መዳፍ ያህል ቀድሞ ነካ አለ። እንዲህ ብሎ ሲመሰክር ያ መዳፍ የሚያህል ርቀት ሃያ ስድስት ዓመት ዘልቆ ደረሰበት። በልቡ ሁልጊዜ እኩል ነው የነካነው ይል ነበር። ሴክሬታሪው ጽፎ ጽፎ፣ ሁለተኛ የወጣው ማን እንደሆነ ጠየቀ።

«ገነነ የሚባል ልጅ።»

አሁን የት እንዳለ ተጠየቀ።

«ሞቷል» አለ።

በቃ፣ ነገሩ በዚህ ያልቃል ብሎ ነው። ሻምሶ ግን ጥግ ላይ ተቀምጣ ስትሰማ እንባዋ ወረደ። ወንድሟ ስለዚያ ልጅ ሳያወራ የዋለበት ቀን እንዳልነበረ ነገረቻቸው፤ ስሙ በቤተሰቡ አፍ አልዞር ብሎ ጠፋባቸው እንጂ። ሮብሌ መሰላሉን ሲይዝ ያ ሐበሻ ከላይ እጁን ያዘው፤ ሁለቱም ትንፋሻቸው እስኪመለስ እንደተያያዙ ቆዩ። ሮብሌ፣ ያ ልጅ ባይከተለኝ ኖሮ እንደዚያ አልዋኝም ነበር ይል ነበር። ስለዚህ ስሙ ከወንድሜ ስም ሥር ይጻፍልኝ ብላ ለመነች። ሴክሬታሪው አንገራገረ፤ የሌላ አገር ሰው ነው፣ ደግሞም ክርስቲያን ስለሆነ መርሁም አይባልም አለ።

ሻምሶ «ማዘን የአላህ ነው፤ አንተ ጻፍ ብቻ» አለችው።

ሴክሬታሪው መነጽሩን ጠረገና ጻፈ። ወንድምአገኝ ከዚያ እንዴት እንደወጣ አያውቅም። ያን ቀን ሦስት ጊዜ ሲሚንቶ አቡክቶ ሦስት ጊዜ ደረቀበት፤ ኢዘዲንም ሲሚንቶ በነጻ የሚመጣ መሰለህ ወይ ብሎ ተቆጣው።

ሐሙስ ረፋድ ላይ የቀረው የመጨረሻው ክንድ ብቻ ነበር። አዳራሹ ደጅ ወንበር እየተደረደረ ነው፤ እንግዶቹ ለቀትር ይደርሳሉ። ለሰነ፣ ጠበቀ፣ ሮብሌን ቀረጸ፤ ከፊቱም መርሁም አለበት። ሻምሶ ከኋላው ቆማ እያንዳንዷን ፊደል በከንፈሯ ትከተላለች። ሸዋርካብሽ ዓለምነሽን አቅፋ ከጎኗ ቆማለች፤ ባሏ ጀግና ሆኖላት ፊቷ በርቷል። ከዚያ ወረቀቱን ዝቅ ብሎ አየው። «መርሁም ገነነ።»

ሚስማሩን አስጠጋ። መልሶ አነሳው። እሱ እንደ ጓደኞቹ ማተቡን ያጠበቀ ሰው አልነበረም፤ የሞት ነገር ግን በቁም አይቀለድበትም። በገዛ እጁ፣ በገዛ ልጁ ፊት፣ በሲሚንቶ ላይ ሊሞት ነው። ሲሚንቶው ከዳር ዳር መንጣት ጀመረ። ኢዘዲን ከታች ሆኖ ወንዴ ቶሎ በል ይላል። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ፈራ፤ እውነት እላችኋለሁ፣ ከመርከብ ጫፍ ሲዘል ያልፈራውን ያህል ፈራ። ከዚያ ለመጀመሪያው ቃል የተተወውን ቦታ ባዶ ትቶ ገነነ ብሎ ቀረጸ።

ሻምሶ አንዱን ቃል ረሳኸው አለችው።

«አልረሳሁም» አለ ሳይዞር። «አልሞተም። ገነነ እኔ ነኝ።»

ሴክሬታሪው ይህን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። በስሙ የዋሸ ሰው ምስክርነቱ ውድቅ ነው፣ ሮብሌም ይነሳል ብሎ ለኢዘዲን መዶሻ እንዲያመጣ ነገረው። ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ ሕግ የሚወድ ሰው ነው፣ እሱ ደግሞ አንዳንዴ ከክፉ አያንስም። ገነነ ከመወጣጫው ወረደ። ወደ ሻምሶ ዞሮ ቀኝ እጁን ዘረጋ።

«መሰላሉን ልይዝ ስል የያዝኩት የእሱን ግራ እጅ ነው» አላት። «የቀለበት ጣቱ ጫፍ አልነበረውም። እዚህ መዳፌ ላይ ታወቀኝ። እኩል ነክተናል እያልኩ ስኖር ነበር። ውሸቴን ነው፤ የእሱ እጅ ከሥር ነበር።»

ሻምሶ አፏን በሻሿ ያዘች። ጫፉን የዓሣ ገመድ የቆረጠውን ያን ጣት ከቤተሰብና እጁን ከያዘ ሰው በቀር ልብ ያለው አልነበረም። ቆይታ ወደ ሴክሬታሪው ዞረች። ሰውዬው የዋሸው ለጥቅሙ ነው፤ ወንድሜ እንዳሸነፈው የተናገረው ግን ለምን ጥቅሙ ነው ብላ ጠየቀችው። በራሱ ላይ ከሚመሰክር የበለጠ ምስክር ካለህ አምጣና መዶሻውን እኔው አነሳልሃለሁ አለች። ሴክሬታሪው መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ወረቀትህን ቅዳሜ ይዘህ ቢሮ ትመጣለህ፣ ምን እንደሚሆን ቃል አልገባም አለ ለገነነ። መዶሻውን ግን አልጠየቀም። ከመንገዱ የመኪኖች ድምፅ ተሰማና እንግዶቹን ሊቀበል ሄደ።

ሸዋርካብሽ ዓለምነሽን መሬት አቆመቻት።

«ወንድምአገኝስ?» አለች።

ጅቡቲ በወባ እንደሞተ፣ የሠላሳ ዓመት ልጅ እንደነበር፣ መታወቂያውን ከትራሱ ሥር እንደወሰደ ነገራት። ስድብ ጠብቆ ነበር። ለቅሶም ጠብቆ ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ ለዚህ ሰዓት መልስ ሲያዘጋጅ ኖሯል፤ ለሁሉም ነበረው።

«እናት አለችው?»

ይህን ግን አልጠበቀም። አለችው አለ፤ ወለተማርያም ትባላለች፣ ደሴ ናት፣ ደብዳቤ ትልክለት ነበር።

«ማን ነገራት?»

ገነነ ሚስማሩን ሱሪው ላይ ጠረገ። ሸዋርካብሽ ሻምሶን አየቻት። ሻምሶ ግድግዳው ሥር ቆማ፣ ሲሚንቶው እንዳይነካ መዳፏን ከወንድሟ ስም ትንሽ አርቃ ይዛለች። ከአዳራሹ ደጅ ጭብጨባ ተጀመረ።

ሸዋርካብሽ ሴክሬታሪው የጻፈውን ወረቀት ከመወጣጫው ላይ አነሳች። ባዶ ጀርባውን ገልብጣ ለባሏ ሰጠችው፤ ከኢዘዲን ኪስም እስክሪብቶ ጠየቀች። ገነነ በሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጠ። በዚያ ሳምንት ረግቶ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነበር። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ «ይድረስ ለወይዘሮ ወለተማርያም» ብሎ ጀመረ። ሲሚንቶው ከጀርባው ደርቆ አለቀ፤ ከአዳራሹ ደጅ የሮብሌ ስም ተጠራ፤ እሱ ግን ከሁለተኛው መስመር አላለፈም።

«እኔ ገነነ እባላለሁ። ልጅዎን እኔ ነኝ የቀበርኩት።»